ስለ ሥዕል በእንግሊዝኛ ሲወያዩ ምኞትንና «ቢሆን ኖሮ»ን እንዴት መግለጽ እንደሚቻል፦ ዝርዝር መመሪያ

ስለ ሥዕል የሚደረግ ቁም ነገር ያለው ውይይት በሸራው ላይ ስላለው ብቻ ሳይሆን ስለሌለውም ጭምር ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለሽያጭ ከተደረደሩ ሥዕሎች ፊት የቆመ ሰው «ሰማዩ ትንሽ ቢደበዝዝ ኖሮ ጀልባዋ ጎልታ ትታይ ነበር» ይላል፤ ሌላው «ምነው እንዲህ መሳል በቻልኩ» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ሰፊ ሳሎን ቢኖረኝ ይህን እሰቅል ነበር» ብሎ ያልፋል። እነዚህን ሐሳቦች በአማርኛ ለመናገር የሚቸገር የለም። በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ቋንቋውን ለብዙ ዓመታት የተማሩ አስጎብኚዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሥራቸውን ለውጭ አገር እንግዳ የሚያስረዱ ሠዓሊዎች ሳይቀሩ «ናይስ» እና «ቢውቲፉል» ከሚሉት ቃላት አልፈው መሄድ ያቅታቸዋል። ይህ የሚያስቆጭ ነገር ነው፤ ስለ ሥዕሉ ያላቸው ጥልቅ አስተያየት ከአፋቸው ሲወጣ ቀልሎ ይሰማልና።

በትምህርት ቤት እነዚህ አገባቦች «ታይፕ ዋን»፣ «ታይፕ ቱ»፣ «ታይፕ ስሪ» እየተባሉ በሠንጠረዥ ይሸመደዳሉ። ሠንጠረዡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ፈተና ያልፉበታል እንጂ አይናገሩበትም፤ ምክንያቱም ግሡ ለምን ወደ ኋላ እንደሚሄድ አይነግረንም። በዚህ መመሪያ የምከተለው መንገድ ከአማርኛው ተነሥቶ ወደ እንግሊዝኛው የሚሄድ ነው። የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮቹን በምንሰማቸው ድምፅ በፊደላችን ስላሰፈርኳቸው፣ አንባቢው በዓይን ከማለፍ ይልቅ ጮክ ብሎ ቢያነባቸው የበለጠ ይጠቀማል።

መነሻ፦ ኀላፊ ጊዜ ሁልጊዜ ያለፈ ጊዜ አይደለም

«ምነው ሠዓሊ በሆንኩ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ልብ ብለው ይመልከቱት። «ሆንኩ» በቅርጹ ያለፈ ድርጊትን የሚናገር ግሥ ነው፤ ነገር ግን ተናጋሪው የሚያወራው ስለ ትናንት ሳይሆን ዛሬ ሠዓሊ አለመሆኑን ነው። የግሡ ወደ ኋላ መሄድ እዚህ ላይ ጊዜን አያመለክትም፤ ነገሩ ከእውነታው የራቀ መሆኑን ያመለክታል እንጂ። እንግሊዝኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ «አይ ዊሽ አይ ወር ኤ ፔይንተር»። ስለዚህ «ስለ አሁን እያወራሁ ለምን ኀላፊ ጊዜ እጠቀማለሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልሱን ከልጅነቱ ጀምሮ በገዛ ቋንቋው ሲናገረው ኖሯል።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩት ከዚህ በኋላ ነው። «ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ ይህን ሥዕል እገዛው ነበር» ብንል፣ ዛሬ ሥዕሉ ፊት ቆመን ኪሳችን ባዶ መሆኑን እየተናገርን ሊሆን ይችላል፤ አምና አይተነው ያመለጠንን ሥዕል እያስታወስንም ሊሆን ይችላል። አማርኛው ሁለቱንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይሸከማል፤ ልዩነቱን ሰሚው ከወሬው አካሄድ ወይም «አሁን» እና «ያኔ» ከሚሉት ቃላት ይረዳዋል። እንግሊዝኛ ግን ይህን አይፈቅድም። ስለ ዛሬ ከሆነ «ኢፍ አይ ሃድ ዘ መኒ፣ አይ ውድ ባይ ዚስ ፔይንቲንግ» ይላል፤ ስለ አምናው ከሆነ ደግሞ «ኢፍ አይ ሃድ ሃድ ዘ መኒ፣ አይ ውድ ሃቭ ቦውት ዛት ፔይንቲንግ» ይላል። የእኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ሰዋስው ስለማያውቅ ሳይሆን፣ አማርኛው ያልጠየቀውን ጥያቄ እንግሊዝኛው ስለሚጠይቀው ነው። ስለዚህ አፍዎን ከመክፈትዎ በፊት ራስዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ያልሆነው ነገር ያልሆነው አሁን ነው ወይስ ያኔ?

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ስለ አሁን መመኘት

ምኞቱን ከመናገርዎ በፊት እውነታውን በተራ ዐረፍተ ነገር በሆድዎ ይበሉት፤ ከዚያ ይገልብጡት። ምሳሌ ከቲያ ትክል ድንጋዮች እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው ይህ ስፍራ 36 ሐውልቶች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ መካከል 32ቱ የተቀረጹባቸው ናቸው፤ የሰይፍ ቅርጾቹ በቀላሉ ይለያሉ፤ ከሌሎቹ ምልክቶች አብዛኞቹን ግን መተርጎም አስቸጋሪ ነው። እንግዳው ምልክቶቹን እያየ ትርጉማቸውን ባያውቅ እውነታው «አይ ዶንት ኖው ዋት ዚዝ ሲምቦልስ ሚን» ይሆናል። ይህ አሁን ያለ እውነታ ነው፤ ስለዚህ ግሡን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይወስዱና አሉታውን ወደ አዎንታ ይለውጣሉ፦ «አይ ዊሽ አይ ኒው ዋት ዚዝ ሲምቦልስ ሚን»፤ ማለትም «ምነው የእነዚህን ምልክቶች ትርጉም ባወቅኩ»።

መገልበጡ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። እውነታው አሉታ ከሆነ ምኞቱ አዎንታ ይሆናል፤ እውነታው አዎንታ ከሆነ ደግሞ ምኞቱ አሉታ ይሆናል። የሥዕሉ ክፈፍ ከብዶ ሥዕሉን ውጦት ከሆነ እውነታው «ዘ ፍሬም ኢዝ ቱ ሄቪ» ነው፤ ምኞቱ «አይ ዊሽ ዘ ፍሬም ወረንት ሶ ሄቪ» ይሆናል። እዚህ ላይ «ቱ» የነበረው ወደ «ሶ» መቀየሩን ያስተውሉ። በዚህ ቦታ «ቱ» እንዳለ ቢቀር ዐረፍተ ነገሩ ባይፈርስም ለጆሮ አይጥምም።

«ወር» የሚለው ቃል ለ«አይ»፣ ለ«ሂ»፣ ለ«ሺ» እና ለ«ኢት» ሁሉ ያገለግላል። በተራ ንግግር «ዋዝ» የሚሉ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሲሰሙት ስሕተት ነው ብለው አይረበሹ። እርስዎ ግን በተለይ ስለ ሥነ ጥበብ በጽሑፍ ወይም በአደባባይ ሲናገሩ «ወር»ን ቢይዙ አይሳሳቱም።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ያለፈውን መቆጨት

ያልሆነው ነገር ያልሆነው ያኔ ከሆነ፣ ግሡ አንድ ሳይሆን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። እርሱም «ሃድ» ከግሡ ሦስተኛ ቅርጽ ጋር ነው። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሥራዎቻቸውን ከዚያ በኋላ ያወቀ ወጣት እውነታው «አይ ኔቨር ሜት ሂም» ነው፤ ቁጭቱ ደግሞ «አይ ዊሽ አይ ሃድ ሜት ሂም» ይሆናል። ይህ በአማርኛ «ምነው አግኝቻቸው በነበር» የምንለው ነው።

አሉታዊው ቁጭት ስለ ቅርስ ስንነጋገር በእጅጉ ያስፈልገናል። በአንዳንድ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት የጥንት የግድግዳ ሥዕሎች በበጎ ሐሳብም ቢሆን በአዲስ ቀለም ተሸፍነዋል፤ እንዲህ ያለውን ግድግዳ ለእንግዳ የሚያስጎበኝ ሰው ልቡ እያዘነ ዝም ከማለት «አይ ዊሽ ዜይ ሃድንት ፔይንትድ ኦቨር ዘ ኦልድ ሙራል» ማለት ይችላል። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ነገር ይናገራል፦ ጥንታዊ ሥዕል እንደነበረ፣ እንደተሸፈነና ተናጋሪው በዚህ እንዳዘነ።

«ዊሽ» ራሱ ሳይለወጥ መቅረቱን አይዘንጉ። ያለፈውን የሚቆጩት ዛሬ ነውና «አይ ዊሽ» እንዳለ ይቆያል፤ ወደ ኋላ የሚሄደው ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ግሥ ብቻ ነው። ቁጭቱን ማጥበቅ ከፈለጉ «አይ ዊሽ»ን ትተው «ኢፍ ኦንሊ» ይበሉ፤ የቀረው ሁሉ ያው ነው፦ «ኢፍ ኦንሊ ዜይ ሃድ ኬፕት ኢት!»

«ኩድ» እና «ውድ»፦ ችሎታና የሌላ ሰው ፈቃድ

«አይ ዊሽ አይ ካን ፔይንት ላይክ ዚስ» የሚለው በሐዋሳም በሌላም ቦታ ከምሰማቸው ስሕተቶች ሁሉ በጣም የተለመደው ነው። «ካን» የአሁን ጊዜ ነው፤ ምኞት ደግሞ ወደ ኋላ መሄድን ይጠይቃል። ስለዚህ «አይ ዊሽ አይ ኩድ ፔይንት ላይክ ዚስ» ይባላል፤ «ምነው እንዲህ መሳል በቻልኩ» ማለት ነው።

«ውድ» ከ«ዊሽ» ጋር ሲመጣ ትርጉሙ ይለያል። «አይ ዊሽ ዘ ጋለሪ ውድ ኦፕን ኦን ሰንደይስ» ሲሉ ጋለሪው እሑድ እንዲከፍት ይፈልጋሉ፤ እርሱ ግን ፈቃደኛ አልሆነም ማለት ነው። በዚህ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ቅሬታ አለ። ስለዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሰው በራሱ ፈቃድ ላይ እንዲህ አያማርርም፤ «አይ ዊሽ አይ ውድ» አይባልም። ሁለተኛ፣ ሠዓሊው ፊት ቆመው «አይ ዊሽ ዩ ውድ ዩዝ ሞር ከለር» ቢሉ ቃሉ ትሑት ቢመስልም ወቀሳ ሆኖ ይሰማል፤ «ስንቴ ልንገርህ» የሚል ድምፅ አለበት። ለዚህ የሚሻለውን መንገድ በኋላ አሳያለሁ።

«እመኛለሁ» ብለው ሲያስቡ ሁልጊዜ «ዊሽ» አይደለም

በአማርኛ «ኤግዚቢሽኑ እንዲሳካልህ እመኛለሁ» እንላለን። ይህን በቃሉ ይዘው «አይ ዊሽ ዩር ኤግዚቢሽን ዊል ቢ ሰክሰስፉል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን መሳካቱ ገና ይቻላል፤ ያልሆነ ነገር አይደለም፤ ሊሆን የሚችልን ነገር ደግሞ እንግሊዝኛ «ሆፕ» በሚለው ግሥ ይገልጸዋል፦ «አይ ሆፕ ዩር ኤግዚቢሽን ጎውዝ ዌል»። «ዊሽ»ን ለመልካም ምኞት መጠቀም የሚቻለው ከኋላው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይሆን ስም ሲከተለው ብቻ ነው፦ «አይ ዊሽ ዩ ሰክሰስ ዊዝ ዘ ኤግዚቢሽን»።

መለያው ቀላል ነው። በሩ ገና ክፍት ከሆነ «ሆፕ»፣ ከተዘጋ ወይም ለጊዜው ዝግ ከሆነ «ዊሽ»። ነገ የሚመረቀውን ኤግዚቢሽን ለማየት ተስፋ ካደረጉ «አይ ሆፕ አይ ካን ካም ቱሞሮው» ይበሉ፤ መምጣት እንደማይችሉ ካወቁ ግን «አይ ዊሽ አይ ኩድ ካም ቱሞሮው» ይበሉ። ሁለተኛውን ሲሰማ ጋባዥዎ እንደማይመጡ ወዲያው ይረዳል፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ይህን ልዩነት ባለማወቅ እመጣለሁ ለማለት «ዊሽ» ብሎ ሳይጠበቅ የቀረ እንግዳ ሊኖር ይችላል።

ዋናው ሥራ፦ በ«ኢፍ» የሚጀምሩ ዐረፍተ ነገሮች

አማርኛ «ከ» እና «ቢ» የሚሉ ሁለት ምልክቶች ስላሉት እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለን። «እዚህ ከቆሙ የብሩሹን ምልክት ያያሉ» ስንል ነገሩ የሚቻል ነው፤ እንግሊዝኛውም ግሡን ወደ ኋላ ሳይወስድ «ኢፍ ዩ ስታንድ ሂር፣ ዩ ዊል ሲ ዘ ብራሽ ማርክስ» ይላል። «ሥዕሉ ቢያንስ ኖሮ ኃይሉን ያጣ ነበር» ስንል ግን ሥዕሉ ትልቅ ነው፤ ማነሱ በሐሳብ ብቻ ያለ ነው። ስለዚህ «ኢፍ ዘ ፔይንቲንግ ወር ስሞለር፣ ኢት ውድ ሉዝ ኢትስ ፓወር» ይሆናል። «ከ» ባሰቡበት ግሡ በቦታው ይቆያል፤ «ቢ» እና «ነበር» ባሰቡበት ግሡ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ከዚህ የሚከተለው ደንብ ብዙ ስሕተት ያስቀራል፦ «ነበር» በሚመጣበት ወገን «ውድ»ን ያስገቡ፤ «ቢ» ባለበት ወገን አያስገቡ። «ኢፍ አይ ውድ ሃቭ መኒ፣ አይ ውድ ባይ ኢት» የሚለው የሚወለደው ሁለቱም ወገን የሐሳብ ስለሆነ ሁለቱም ላይ «ውድ» ያስፈልጋል ከሚል ግምት ነው። በአማርኛ ግን «እገዛው ነበር» እንላለን እንጂ በ«ቢኖረኝ» ላይ «ነበር» አንጨምርም፤ እንግሊዝኛውንም በዚያው ሚዛን ይያዙት።

ያለፈው ጊዜ ሲሆን ሁለቱም ወገን አንድ እርምጃ ይጨምራሉ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ለዚህ የተመቸ ምሳሌ ይሰጡናል። በጥንታዊው ሥርዓት ጻድቃን ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሳላሉ፤ ክፉዎች ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን። ለእንግዳ ይህን ሲያስረዱ «ክፉ ሰው በጎን ይሳላል» ማለት ብቻ ደረቅ ነው። ወደ አንዱ ምስል እያመለከቱ «ኢፍ ዘ ፔይንተር ሃድ ጊቭን ሂም ቱ አይዝ፣ ዊ ውድ ሃቭ ቴክን ሂም ፎር ኤ ሴይንት» ቢሉ፣ ማለትም «ሠዓሊው ሁለት ዓይን ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ጻድቅ ነው ብለን በወሰድነው ነበር» ቢሉ፣ እንግዳው የሠዓሊውን ምርጫና የምርጫውን ትርጉም በአንድ ጊዜ ያያል። ስለ ሥዕል በሚደረግ ማብራሪያ ውስጥ የዚህ አገባብ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ ሠዓሊው ያልሄደበትን መንገድ ስናሳይ የሄደበት መንገድ ይገለጣል።

ሁለቱ ጊዜዎች የሚቀላቀሉበት ዐረፍተ ነገርም አለ፤ ይህ ግን በትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ተቸኩሎ ይታለፋል። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ሥነ ጥበብ ዞሩና በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሸፍነውን ባለ ቀለም መስታወት የሠሩትም እርሳቸው ናቸው። አሁን «መሐንዲስ ሆነው ቢቀሩ ኖሮ የአፍሪካ አዳራሽ ዛሬ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር» ማለት ብንፈልግ፣ ምክንያቱ ያለው ያኔ ሲሆን ውጤቱ የሚታየው ግን ዛሬ ነው። ስለዚህ የ«ኢፍ» ወገን ሁለት እርምጃ፣ የ«ውድ» ወገን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ «ኢፍ ሂ ሃድ ቢካም አን ኢንጂነር፣ አፍሪካ ሆል ውድ ሉክ ዲፈረንት ቱዴይ»። ለሁለቱም ወገን ለየብቻ «አሁን ወይስ ያኔ?» ብለው ከጠየቁ «ታይፕ ስንት ነው?» ብለው መጨነቅ አያስፈልግዎትም።

ስለ ሟች ሠዓሊዎች ሲናገሩ በ«ውድ» ፋንታ «ማይት»ን መምረጥ ጨዋነትም እውነተኛነትም ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በሐረር ተወልዶ፣ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ፣ ረቂቅ ሥዕልን በአገራችን ካስተዋወቁት ቀዳሚዎች አንዱ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት ሳለ አሜሪካ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አረፈ። «ኢፍ ሂ ሃድ ሊቭድ ሎንገር፣ ሂ ውድ ሃቭ ካም ሆም» ማለት ለማናውቀው ነገር እንደ መማል ነው። «ሂ ማይት ሃቭ ካም ሆም» ሲሉ ግን «ምናልባት ወደ አገሩ ይመለስ ነበር» ማለትዎ ነው፤ ሐሳቡ ሐሳብ ሆኖ ይቀራል። በጽሑፍ፣ በተለይ በኤግዚቢሽን መግለጫ ላይ፣ «ኢፍ»ን ጥለው «ሃድ ሂ ሊቭድ ሎንገር» ብለው መጀመር ይችላሉ፤ ትርጉሙ ያው ሆኖ አነጋገሩ ከፍ ይላል። በአፍ ሲነገር ግን ስለሚከብድ አልመክረውም።

የሚመስለውን መናገር

«አዝ ኢፍ» ለሥዕል ገለጻ የተፈጠረ ያህል ነው። ምስሉ የሚመስለውን፣ ግን ያልሆነውን ነገር ይናገራል፦ «ዘ ሌክ ሉክስ አዝ ኢፍ ኢት ወር ኦን ፋየር»፤ ሐይቁ እሳት የተያያዘ ይመስላል፤ እሳት ግን የለም። በእርግጥ ሊሆን የሚችል ነገር ከሆነ ደግሞ ግሡ በቦታው ይቆያል፦ «ኢት ሉክስ አዝ ኢፍ ዘ ፔይንት ኢዝ ስቲል ዌት» ካሉ ቀለሙ እውነትም ገና ያልደረቀ ሊሆን ስለሚችል ባይነኩት ይሻላል። ምርጫን ለመናገር ደግሞ «አይ ውድ ራዘር» አለ፤ ስለ ሌላ ሰው ሲሆን ግሡ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ «አይ ውድ ራዘር ዩ ዲድንት ተች ዘ ካንቫስ»። ይህ «ሸራውን አይንኩ» ከሚለው ይልቅ ለእንግዳ የሚስማማ ልመና ነው።

ሠዓሊው ፊት ቆሞ አስተያየት መስጠት

በተጠናቀቀ ሥራ ላይ «ኢፍ ዩ ሃድ ዩዝድ ሌስ ሬድ፣ ኢት ውድ ሃቭ ቢን ቤተር» ማለት ሰዋስው የጠበቀ ፍርድ ነው። «ሃድ» በሩን ይዘጋዋል፤ ሥራው አለቀ፣ ስሕተቱም ታተመ ይላል። ያንኑ ሐሳብ አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ኋላ ወስደው ቢያቀርቡት ግን ግብዣ ይሆናል፦ «ዋት ኢፍ ዘ ሬድ ወር ኤ ሊትል ሶፍተር?» ይህ ወጣቷ አስጎብኚ አንጋፋውን ሠዓሊ «ጋሼ፣ ቀዩ ትንሽ ለስለስ ቢልስ?» ብላ ከምትጠይቀው ጋር ይመሳሰላል። በ«ቢልስ» ውስጥ ያለውን አክብሮት «ዋት ኢፍ» ይሸከመዋል፤ «ጋሼ»ን የሚተካ ቃል ግን እንግሊዝኛ ስለሌለው፣ አክብሮቱ ሁሉ በግሡና በድምፅዎ ላይ ይወድቃል።

«ኢት ማይት ቢ ስትሮንገር ኢፍ ዘ ቦት ወር ክሎዘር» የሚለው ዓይነት ዐረፍተ ነገርም ጥሩ ነው፤ «ማይት» አስተያየቱን ያለዝበዋል፤ ሠዓሊውም መቀበልም መተውም ይችላል። ለጓደኛ ከሆነ «ኢፍ አይ ወር ዩ፣ አይ ውድ ሊቭ ዚስ ኮርነር ኢምፕቲ» ማለት ይቻላል፤ ለማያውቁት ትልቅ ሰው ግን «ኢፍ አይ ወር ዩ» ትንሽ ድፍረት አለበትና ቢቀር ይሻላል።

ጆሮን ማልመድ

ሲናገሩ ሁሉንም በሙሉ ድምፅ ቢሉ ችግር የለም። ሲሰሙ ግን «አይ ሃድ» እና «አይ ውድ» ሁለቱም «አይድ» ሆነው ይመጣሉ። መለያው ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ነው። «አይድ ሲን ኢት» ከሆነ «ሲን» ሦስተኛ ቅርጽ ስለሆነ «ሃድ» ነው፤ «አይድ ባይ ኢት» ከሆነ «ባይ» መነሻ ቅርጽ ስለሆነ «ውድ» ነው። «አይድ ሃቭ» ከሰሙም ያለ ጥርጥር «ውድ ሃቭ» ነው። «ካም» ግን በመነሻውም በሦስተኛውም አንድ ስለሆነ «አይድ ካም» ሲባል የሚረዳው በፊት የተባለው ብቻ ነው። «ውድ ሃቭ» በፍጥነት ሲነገር «ውደቭ» ይሆናል፤ ይህን ሰምተው «ውድ ኦቭ» ብለው የሚጽፉ እንግሊዛውያንም አሉ፤ በጽሑፍ ስሕተት ነውና እንዳይከተሏቸው።

በአንድ ሥዕል ላይ ሙሉ ልምምድ

ልምምዱን የሐዋሳውን የዓሣ ገበያ የአሞራ ገደልን ማለዳ በሚያሳይ ሥዕል እንጀምር፤ ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥዕል ማግኘት አያስቸግርም፤ ካላገኙም ጧት ወርደው ትዕይንቱን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ሸራው ላይ ሁለት ዓሣ አጥማጆች መረብ እየፈቱ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በጀልባው ወለል ላይ ብር እየመሰለ ተበትኗል። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ክንፉን ሰብስቦ፣ ራሰ በራውን አንገቱን ወደ ትከሻው ቀብሮ ዳር ላይ ይጠብቃል። ሰማዩ ከውሃው በላይ ደምቋል፤ የቀኝ ማዕዘኑ ባዶ ነው፤ ፊርማ የለበትም።

በመጀመሪያ ያዩትን በአጭር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ገና ምንም አይመኙ። «ዜር ኢዝ ኖ ሲግኔቸር»። «ዘ ስካይ ኢዝ ቬሪ ብራይት»። «ዘ በርድ ኢዝ ዌይቲንግ»። «ዘ ፔይንተር ሌፍት ዘ ኮርነር ኢምፕቲ»። ከዚያ በእያንዳንዱ አጠገብ በአማርኛ «አሁን» ወይም «ያኔ» ብለው ይጻፉ። ፊርማ አለመኖሩ፣ የሰማዩ ድምቀትና የወፉ መጠበቅ አሁን ናቸው፤ ሠዓሊው ማዕዘኑን መተዉ ግን ያኔ የተደረገ ምርጫ ነው።

አሁን አንድ በአንድ ይገልብጡ። የመጀመሪያው «አይ ዊሽ ዜር ወር ኤ ሲግኔቸር» ይሆናል፤ ቀጥለውም «ኢፍ ዜር ወር ኤ ሲግኔቸር፣ ዊ ውድ ኖው ሁ ፔይንትድ ኢት» ይበሉ። እዚህ ላይ መጨረሻ የመጣው «ፔይንትድ» ተራ ኀላፊ ጊዜ ነው፤ ሠዓሊው በእውነት ስለሳለው ከእውነታ አልራቀም፤ ስለዚህ ወደ «ሃድ ፔይንትድ» አይለወጥም። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሐሳብ የሆነውንና እውነት የሆነውን ግሥ መለየት መቻል ከጠቅላላው ልምምድ ከባዱ ክፍል ነውና፣ እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ሁለተኛው «ኢፍ ዘ ስካይ ወር ዳርከር፣ ዘ ፊሽ ውድ ሻይን ሞር» ይሆናል። ለወፉ «ኢት ስታንድስ አዝ ኢፍ ኢት ኦውንድ ዘ ሌክ» ማለት ይቻላል፤ የሐይቁ ባለቤት የሆነ ይመስል ቆሟል፤ «ኦውንድ» ወደ ኋላ የሄደው ባለቤት ስላልሆነ ነው። ባዶው ማዕዘን ያኔ ስለሆነ «ኢፍ ሂ ሃድ ፊልድ ዘ ኮርነር፣ ዘ በርድ ውድንት ሃቭ ሉክድ ሶ አሎን» ይላል፤ ማዕዘኑን ሞልቶት ቢሆን ኖሮ ወፉ እንዲህ ብቸኛ አይመስልም ነበር።

ከጓደኛ ጋር ሲለማመዱ አንዱ እውነታውን ይናገር፤ ሌላው ወደ አማርኛ ሳይሄድ ይገልብጠው፤ ከዚያ ቦታ ይለዋወጡ። «ዘ ሙዚየም ዋዝ ክሎዝድ» ሲባል «አይ ዊሽ ኢት ሃድ ቢን ኦፕን» የሚል መልስ ሳያስቡት ከአፍዎ እስኪወጣ ድረስ ይቀጥሉ። በመጀመሪያ ቀናት ንግግርዎ ይቀዘቅዛል፤ ይህ ጥያቄውን እየጠየቁ መሆንዎን ያሳያል፤ ስለዚህ ለማፍጠን አይቸኩሉ።

በመጨረሻ ድምፅዎን በስልክዎ ቀርጸው ሲያዳምጡ ሦስት ነገር ብቻ ይፈትሹ፦ ከ«ኢፍ» በኋላ በዚያው ወገን «ውድ» ተሰምቷል ወይ? ከ«ዊሽ» በኋላ «ካን» ወይም «ዊል» ገብቷል ወይ? ገና ሊሆን ለሚችል ነገር «ዊሽ» ብለዋል ወይ? ያገኙትን ስሕተት ያስተካክሉና ያንኑ ሥዕል እንደገና ይግለጹት፤ ከዚያ ወደ ሌላ ሥራ ይለፉ። በሻሸመኔ ከደረቀ የሙዝ ቅጠል የሚሠሩት ሥዕሎች ለ«አዝ ኢፍ» በጣም ይመቻሉ፤ ቀለም ሳይነካቸው በቅጠሉ የተፈጥሮ ቡናማ ደረጃዎች ብቻ ጥላና ብርሃን ስለሚሠራባቸው፣ «ኢት ሉክስ አዝ ኢፍ ኢት ወር ፔይንትድ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ሊጀምሩ ይችላሉ።